ባሪየም፣ ኢንዶስኮፒ ወይስ ሲቲ ስካን? ለየትኛው ሕመም የትኛው ምርመራ

ሐኪም «ባሪየም ጠጥተህ ራጅ ትነሣለህ» ብሎ ወረቀት ሲጽፍ፣ ታካሚው ሁለት ጥያቄ ይዞ ይወጣል። ባሪየም መርዝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ እንዴት እጠጣዋለሁ? ለጎረቤቴ ኢንዶስኮፒ ነው የታዘዘለት፣ ለእኔ ለምን አልታዘዘልኝም? ሁለቱም ደህና ጥያቄዎች ናቸው። መልስ ካላገኙ ግን ጉዳት አላቸው። አንዱ ፈርቶ ምርመራውን ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ለማያስፈልገው ምርመራ ገንዘቡን ያወጣል።

ይህን የምጽፈው ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ እንድትመርጡ ነው። ሐሳቤን ከአሁኑ ልንገራችሁ። «የትኛው ምርመራ ይበልጣል?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። ባሪየም የሚያሳየው የምግብ መንገድን ቅርፅና እንቅስቃሴ ነው። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ የሚያሳየው የውስጡን ገጽ ነው፤ ለላብራቶሪ የሚሆን ናሙናም ይወስዳል። ሲቲ ስካን ደግሞ ሰውነትን በራጅ ጨረር ቁራጭ በቁራጭ አንሥቶ ከግድግዳው ባሻገር ያለውን ያሳያል። ምርጫውን የሚወስነው ምን ማየት እንደተፈለገ ነው።

መጀመሪያ ስለ ባሪየም ራሱ

ባሪየም ከብረታ ብረት ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ነው። የአቶም ቁጥሩ 56 ነው። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ከካልሲየም ጋር በአንድ ዓምድ ይቀመጣል። ስዊድን ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼለ በ1774 እ.ኤ.አ. አዲስ ነገር መሆኑን ለየው። ሃምፍሪ ዴቪ ደግሞ በ1808 ለንደን ውስጥ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱን ነጥሎ አወጣው። ስሙ «ከባድ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

ንጹሑ ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ቶሎ ስለሚዋሐድ የሚቀመጠው ዘይት ውስጥ ነው። በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም። በብዛት የሚገኘው ባራይት በሚባል ከባድ ድንጋይ ውስጥ ነው። ዓለም ላይ ከሚመረተው ባራይት አብዛኛው የሚሄደው ወደ ነዳጅ ቁፋሮ ነው። ተፈጭቶ ከቁፋሮው ጭቃ ጋር ይቀላቀላል፤ ክብደቱም ከታች የሚገፋውን ጋዝና ዘይት አፍኖ ይይዛል። የርችት አረንጓዴ ቀለም የሚመጣው ከባሪየም ጨው ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ካፓሲተሮች የሚሠሩት ከባሪየም ታይታኔት ነው። ሸክላ ጡብ ነጭ ጨው እንዳያወጣ ባሪየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። የራጅ ክፍል ግድግዳም ጨረሩ ወደ ውጭ እንዳያልፍ አንዳንዴ በባራይት ይለሰናል።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ። «ባሪየም መርዝ ነው» የሚለው ወሬ መሠረት አለው። ግን የትኛው ባሪየም እንደሆነ መለየት አለበት።

ጉዳዩ መሟሟት ነው። ባሪየም ሰውን የሚጎዳው ተሟሙቶ ደም ውስጥ ሲገባ ነው። ደም ውስጥ ሲገባ የፖታሲየምን መውጫ በር ይዘጋል። ፖታሲየም ከደም ወደ ሴሎች ገብቶ እዚያው ይቀራል፤ ደም ውስጥ ያለው በጣም ይወርዳል። ከዚያ ጡንቻ ይዝላል፣ ልብ ምቱን ይስታል፣ መተንፈስም ሊያቅት ይችላል። ባሪየም ክሎራይድ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ባሪየም ካርቦኔት ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፤ የጨጓራ አሲድ ሲያገኘው ግን ይሟሟል። ለዚህ ነው ለአይጥ መርዝነት ያገለግል የነበረው።

ለራጅ የሚጠጣው ባሪየም ሰልፌት ነው። እሱ ውሃም አያሟሟውም፣ የጨጓራ አሲድም አያሟሟውም። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ሁለትና ሦስት ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። በአፍ ገብቶ፣ አንጀትን ተጉዞ፣ እንደገባ በሰገራ ይወጣል። ደም ውስጥ ሊገባ የሚችለው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ የምግብ መንገድ ያለው ሰው በመመረዝ ሥጋት ከምርመራው መሸሽ የለበትም።

ንጽሕናው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ ለራጅ የተዘጋጀ ባሪየም ሰልፌት ውስጥ ባሪየም ካርቦኔት ተገኝቶበት ሰዎች ሞተዋል። ለፋብሪካ የሚሸጥ የባራይት ዱቄት ለሰው የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማሸጊያው ላይ ለሕክምና የተዘጋጀ መሆኑን፣ የሚያበቃበትንም ቀን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። እኔ ብሆን እጠይቃለሁ። በሥራ ቦታ ወይም በቤት የካርቦኔት ወይም የክሎራይድ ዱቄት የዋጠ ሰው ካለ ደግሞ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለራጅ የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። ጨጓራና አንጀት በአብዛኛው ከካርቦን፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ናቸው። ራጅ አልፏቸው ይሄዳል፤ ፎቶው ላይ እርስ በርሳቸው ይደባለቃሉ። ባሪየም ግን 56 ኤሌክትሮኖች ስላሉት ጨረሩን ያስቀረዋል። የደረሰበት ቦታ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙት የቢስመዝ ጨው ነበር። እሱ የመረዛቸው ታካሚዎች ስለነበሩ፣ ከ1910 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ባሪየም ሰልፌት ቦታውን ያዘ። እስከ ዛሬም አለ።

ምግብ አልወርድ ሲል

ባሪየም እስከ ዛሬ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ምርጫውም ስሕተት የሚበዛበት እዚሁ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍ።

ሐኪም ፊት ከመቅረባችሁ በፊት ለራሳችሁ አንድ ነገር መልሱ። መጀመሪያ ያስቸገረው ምን ነበር? እንጀራና ሥጋ ብቻ ነው ወይስ ውሃም ጭምር? የዚህ መልስ ግማሹን መንገድ ያስኬዳል።

መጀመሪያ ደረቅ ምግብ ብቻ ቆሞ፣ ቀስ በቀስ ለስላሳው፣ በመጨረሻም ፈሳሹ ካስቸገረ የምግብ ቧንቧው እየጠበበ ነው ማለት ነው። ይህ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ከተባባሰ፣ ክብደትም ከቀነሰ፣ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ ምርጫው ኢንዶስኮፒ ነው። ባሪየም መጥበቡን በደንብ ያሳያል፤ የጠበበው በምን እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በአገራችን በተለይ አርሲና ባሌ አካባቢ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል። ከዚያ አካባቢ የመጣ፣ ምግብ አልወርድ ያለው ሰው «ጨጓራ ይሆናል» ተብሎ ለወራት መድኃኒት እየዋጠ መቆየቱ ያሳዝነኛል። ያ ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ደረቁም ፈሳሹም እኩል ካስቸገረ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ይሻላል፣ ሌላ ቀን ይብሳል። ሌሊት ተኝቶ ሳለ የበላው ምግብ ሳይፈጭ ወደ አፉ ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን የሚጠረጠረው የቧንቧው እንቅስቃሴ ነው። ከእነዚህ በሽታዎች የታወቀው አካላዥያ ነው። የቧንቧው የታችኛው በር አይከፈትም፤ የላይኛው ክፍል ምግቡን መግፋት ያቅተዋል። ባሪየም እዚህ ላይ ኃይለኛ ነው። ቧንቧው ከላይ ሰፍቶ፣ ከታች እንደ ወፍ መንቁር ሹል ሆኖ ይታያል። በተለይ ታካሚው ቆሞ ጠጥቶ፣ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ፎቶ ሲነሣ ምን ያህሉ እንደቀረ በሴንቲሜትር ይለካል። ከሕክምና በኋላም ያው ምርመራ ተደግሞ መሻሻሉ ይታያል። ኢንዶስኮፒ አካላዥያን መጀመሪያው ላይ ሊያልፈው ይችላል፤ ቱቦው ትንሽ ተጭኖ ያልፋልና።

ይህ ማለት ግን ኢንዶስኮፒ ይቅር ማለት አይደለም። በሩ አካባቢ የተደበቀ ካንሰር አካላዥያን መስሎ ይታያል። ስለዚህ ኢንዶስኮፒው ካንሰር አለመኖሩን ለማረጋገጥ፣ ባሪየሙ ቅርፁንና ፍሰቱን ለማየት ይሠራሉ። የግፊት መለኪያ ምርመራ፣ ማኖሜትሪ የሚባለው፣ ባለበት ቦታ በሽታውን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። በሌለበት ግን ባሪየምና ኢንዶስኮፒ ሁለቱ ተደምረው ብዙ ይነግራሉ።

ሦስተኛ ሁኔታ አለ። ምግቡ ላይ፣ አንገት ላይ ነው የሚቆመው። ከሰዓታት በፊት የተበላ ምግብ ይመለሳል። አፍ ይሸታል። ሲዋጥ አንገት ውስጥ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ይሰማል። በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ይህ ሲታይ የቧንቧው ግድግዳ ወደ ኋላ ወጥቶ ከረጢት መሥራቱ ይጠረጠራል። እዚህ ባሪየም ይቀድማል። ከረጢቱ መኖሩ ሳይታወቅ የኢንዶስኮፒው ቱቦ ከገባበት ሊቀደው ስለሚችል ነው።

አራተኛው በረኪና ወይም የባትሪ አሲድ የጠጣ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ልብ ያልተባለ ሕፃን። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ባሪየም ቦታ የለውም። የጉዳቱ መጠን ቶሎ በኢንዶስኮፒ ይታያል፤ መቀደድ ከተጠረጠረ ደግሞ ሲቲ ስካን ይሠራል። ሳምንታት ሲያልፉ ጠባሳው ቧንቧውን ማጥበብ ይጀምራል። ያኔ ባሪየም የጠበበው ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ አንድ ቦታ ይሁን ብዙ ቦታ ያሳያል። ቱቦ ማለፍ በማይችልበት ጠባብ ቦታ ባሪየም ያልፋል። ለሚያሰፋው ሐኪም ካርታ ይሆንለታል።

ኢንዶስኮፒው ደህና ነው ተብሎ ምግቡ ግን አሁንም የሚቆምባቸው ሰዎችም አሉ። ተስፋ አትቁረጡ። በመጠኑ ብቻ የጠበበ ቧንቧ በዓይን ሊያመልጥ ይችላል። 13 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የባሪየም እንክብል አስውጦ የት እንደሚቆም ማየት ይቻላል። እንክብሉ በሌለበት ዳቦ በባሪየም ነክሮ ማስዋጥም አለ።

ከስትሮክ በኋላ ሲውጥ የሚያስለው ሰው ደግሞ ኢንዶስኮፒ ብዙም አይፈይደውም። ባሪየም በቀጭኑም በወፍራሙም ተቀላቅሎ እየዋጠ በቪዲዮ ራጅ ይታያል። የትኛው ወደ ሳንባ እንደሚሄድ ይለያል፤ አመጋገቡም በዚያ ይወሰናል።

የኢንዶስኮፒ ወረፋው ረጅም፣ ባሪየሙ ግን ዛሬ የሚገኝበት ከተማ ላይ ብትሆኑስ? በባሪየም መጀመር ያስኬዳል። ሁለት ነገር ግን ያዙ። ባሪየሙ መጥበብ ካሳየ እዚያ አይቆምም፤ ናሙና ይወሰዳል። ባሪየሙ ደህና ነው ቢልም፣ ክብደት እየቀነሰ ምግብም እየቆመ ከሆነ ኢንዶስኮፒው አይቀርም።

ጨጓራና ቃር

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ባሪየም አያስፈልገውም። ጨጓራው መቆጣቱን ባሪየም አያሳይም። ትናንሽ ቁስሎችም ያመልጡታል። ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያም ሊያይ አይችልም።

ዕድሜያችሁ ከ60 በታች ከሆነ፣ አስጊ ምልክትም ከሌለ፣ መጀመሪያ የሚሠራው የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ነው። ከሰገራ የሚሠራው አንቲጅን ምርመራ አሁን በሰውነታችሁ ውስጥ ያለውን ያሳያል። ከደም የሚሠራው ግን ከዓመታት በፊት ታክሞ የጠፋውንም «አለ» ሊል ይችላል። በደም ብቻ ተመርምሮ በየዓመቱ ያንኑ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ካወቃችሁ ይህን ንገሩት። ለሰገራው ምርመራ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ከ2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ከ4 ሳምንት በፊት መቆም አለባቸው። አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። መድኃኒቱን የምታቆሙት ግን ከሐኪማችሁ ጋር ተማክራችሁ ነው።

ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ያልታሰበ የክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ ማቆሚያ የሌለው ማስታወክ፣ በቤተሰብ የጨጓራ ካንሰር ካለ ግን ወደ ኢንዶስኮፒ ነው። እየደማ ያለ ቁስል ከተገኘ እዚያው ይታከማል። ባሪየም ይህን ማድረግ አይችልም። እንዲያውም እየደማ ባለ ሰው ላይ ባሪየም መስጠት ኢንዶስኮፒውንም ያበላሻል፤ ነጩ ፈሳሽ ዕይታውን ይሸፍናል፣ የመምጠጫውንም ቀዳዳ ይደፍናል።

ቃር ላለበት ሰው ባሪየም የሚጠቅመው በተወሰነ ቦታ ነው። የጨጓራው ጫፍ ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራሙ በኩል ወደ ደረት ወጥቶ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ፣ ሐኪሙ ቅርፁንና መጠኑን በባሪየም ማየት ይፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መዋጥ ሲያስቸግርም እንዲሁ። ከዚህ ውጭ ቃሩን ለማረጋገጥ ብሎ ባሪየም መጠጣት ገንዘብም ጨረርም ማባከን ነው።

መቀደድ ሲጠረጠር

ከሁሉም የሚያሰጋው ይህ ነው። የምግብ ቧንቧ፣ ጨጓራ ወይም አንጀት ተቀዷል ተብሎ ከተጠረጠረ ባሪየም መጀመሪያ አይሰጥም። አንጀት ውስጥ ጉዳት የሌለው ባሪየም፣ ሆድ ዕቃ ውስጥ ከፈሰሰ ከባድ መቆጣት ያስነሣል። እዚያ የሚያወጣው ነገርም የለም።

በምትኩ የሚሰጠው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው። በብዛት የሚታወቀው ጋስትሮግራፊን ነው። ቢያፈስም ሰውነት ይመጥጠውና በኩላሊት ያስወጣዋል። ምስሉ ከባሪየም ደብዘዝ ይላል፤ ትንሽ ቀዳዳ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ በአዮዲኑ ምንም ካልታየና ጥርጣሬው ካልጠፋ፣ አንዳንዴ ሐኪሙ አስቦበት ጥቂት ባሪየም ያስከትላል፤ ወይም ወደ ሲቲ ስካን ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። ጋስትሮግራፊን ከደም ብዙ እጥፍ የተከማቸ ፈሳሽ ነው። ሳንባ ውስጥ ከገባ ከደም ውሃ ስቦ ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ ሊገድልም ይችላል። ባሪየም በትንሹ ሳንባ ውስጥ ቢገባ ከዚህ የተሻለ ነው። ስለዚህ ውሃ ስትጠጡ ትን የሚላችሁ ከሆነ ከመጠጣታችሁ በፊት ለራዲዮሎጂ ባለሙያው ተናገሩ። «ትን ይለኛል» የምትለዋ አንዲት ቃል የሚሰጣችሁን ፈሳሽ ታስቀይራለች። ሁለቱም ሥጋት ላለበት ሰው አይዮሄክሶልን የመሰሉ፣ የተከማቸ ያልሆነ የአዮዲን ፈሳሾች አሉ። ለአዮዲን መርፌ አለርጂ ከነበራችሁም፣ የእንቅርት ሕመም ካለባችሁም አብራችሁ ንገሩ።

አንጀት

ትንሹ አንጀት ኢንዶስኮፒ በቀላሉ የማይደርስበት ረጅም መንገድ ነው። ድሮ ባሪየም ጠጥቶ በየግማሽ ሰዓቱ ፎቶ መነሣት ብቸኛው አማራጭ ነበር። አሁን ሲቲና በማግኔት የሚሠራው ኤምአርአይ የአንጀቱን ግድግዳና በዙሪያው ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች አብረው ስለሚያሳዩ ቀድመውታል። በአገራችን የአንጀት ቲቢ ሲጠረጠር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ቲቢው የትንሹና የትልቁ አንጀት መገናኛ ላይ መቀመጥ ይወዳል። ባሪየም እዚያ መጥበቡን ያሳያል፤ ሲቲው ያበጡ የሊምፍ ዕጢዎችንና ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽንም ይጨምራል። ናሙና የሚወስደው ግን ኮሎኖስኮፒ፣ በፊንጢጣ የሚገባው የትልቁ አንጀት ኢንዶስኮፒ፣ ነው። ሲቲ በሌለበት ቦታ ባሪየሙ ዛሬም ያገለግላል።

ለትልቁ አንጀት በፊንጢጣ የሚሰጠው ባሪየም በአዋቂ ላይ ጊዜው አልፎበታል። ደም በሰገራ ለሚያይ ወይም ካንሰር ለሚሰጋ ሰው ኮሎኖስኮፒ ነው ምርጫው። ዕጢ ካገኘ እዚያው ቆርጦ ያወጣል። ኮሎኖስኮፒ ለማይችል ሰው ሁለተኛው ሲቲ ኮሎኖግራፊ፣ ማለትም የትልቁ አንጀት ሲቲ ስካን ነው። ባሪየሙ ሦስተኛ ነው፤ ሌላ ሲጠፋ ብቻ።

ሕፃናት ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ከተወለደ ጀምሮ ሰገራ ማውጣት የሚያስቸግረውና ሆዱ የሚነፋ ሕፃን፣ የአንጀቱ መጨረሻ ነርቭ የለውም ተብሎ ሲጠረጠር፣ በፊንጢጣ በሚሰጥ ፈሳሽ ጠባቡና ሰፊው አንጀት የሚገናኙበት ይታያል። ለዚህ ምርመራ አንጀቱ አስቀድሞ አይታጠብም፤ ከታጠበ ልዩነቱ ይጠፋል። ማረጋገጫው አሁንም ናሙና ነው።

ጨረሩስ?

ኢንዶስኮፒ ጨረር የለውም። የባሪየም ምርመራዎች አላቸው። ለምግብ ቧንቧ ብቻ የሚሠራው በጨረር መለኪያ ከ1 እስከ 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። የጨጓራው በአማካይ 6፣ በፊንጢጣ የሚሰጠው 8 አካባቢ ይደርሳል። የሆድ ሲቲም 8 ገደማ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ሰው በዓመት ከተፈጥሮ ብቻ በአማካይ 2.4 ያገኛል። ለሚያስፈልገው ሰው ይህ መጠን ምርመራውን የሚያስተወው አይደለም። «ለማንኛውም ልነሣ» ለሚል ሰው ግን ምክንያት የሌለው ጭነት ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ከራጁ በፊት መናገር አለባት። ኢንዶስኮፒም ቢሆን ያለ ሥጋት አይደለም። መድማትና መቀደድ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ የጠበበ ቧንቧ ሲሰፋ ወይም ዕጢ ሲቆረጥ ደግሞ ይጨምራል።

ቀጠሮ ስትይዙ

ከአንድ በላይ ምርመራ ከታዘዘላችሁ ቅደም ተከተሉን ጠይቁ። ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም። ባሪየም አንጀት ውስጥ እያለ ሲቲ ስካን ከተነሣችሁ ምስሉ ላይ ነጭ ጨረሮች ይፈነጣጠቁበታል፤ አይነበብም። አልትራሳውንድም ይጋረዳል። ስለዚህ አልትራሳውንድና ሲቲ ይቀድማሉ፣ ባሪየም ይከተላል። በአንድ ጠዋት ሁሉንም ጨርሼ ወደ ክፍለ ሀገር ልመለስ ያለ ሰው ተራው ከተዛባበት ሌላ ሳምንት ይከስራል።

ዝግጅቱ ለባሪየምም ለኢንዶስኮፒም ተቀራራቢ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አትብሉ። ማስቲካና ሲጋራም ይቅር፤ ጨጓራ ውስጥ ፈሳሽ ያበዛሉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች የጠዋቱን መጠን ሐኪም ሳያስተካክልላችሁ ባዶ ሆድ አትሂዱ። ለኢንዶስኮፒ ማስተኛ መድኃኒት የሚሰጣችሁ ከሆነ የሚያደርሳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የዚያን ቀን መኪና አትነዱም። ለባሪየም ግን ብቻችሁን ሄዳችሁ ብቻችሁን ትመለሳላችሁ። ዋጋ ስትጠይቁ የኢንዶስኮፒው ክፍያ የናሙናውን የላብራቶሪ ምርመራ ይጨምር እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ስሞቹ እንዳያደናግሯችሁ። አሜሪካ ውስጥ «ኢሶፋግራም» ሲሏችሁ ለምግብ ቧንቧ የሚጠጣውን ባሪየም ማለታቸው ነው። «አፐር ጂአይ» የሚሉት እስከ ጨጓራና ዱዎዴነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) የሚሄደውን ነው። አገር ቤት የተነሣችሁት የባሪየም ራጅ ካለ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የድሮውና የአዲሱ ጎን ለጎን መታየቱ ብዙ ያግዛል።

የሚጠጣው ነጭ፣ ወፍራም፣ ኖራ ኖራ የሚል ፈሳሽ ነው። አንዳንዴ ጋዝ የሚያወጣ ዱቄት አስቀድሞ ይሰጣል፤ ጨጓራው እንዲነፋ ነው። ግሳት ይመጣባችኋል። ባለሙያው ያዙት ካለ ያዙት፤ አየሩ ከወጣ ምስሉ ይበላሻል። ገበታው ዘንበል ቀና ይላል፣ በጎን ተኙ፣ ተገልበጡ ትባላላችሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው በቤታችሁ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀን ሰገራ ነጭ ይሆናል፤ አትደንግጡ። ባሪየም አንጀት ውስጥ ሲቆይ ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ስለዚህ ውሃ በብዛት ጠጡ፤ ፍራፍሬና አትክልትም ብሉ። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት የማትቀምሱ ከሆነ ወይም ረመዳን ከሆነ፣ ከምርመራው በኋላ የግድ ብዙ መጠጣት ስላለባችሁ ቀጠሮውን ስትይዙ ይህን አስቡበት። ከምርመራው በፊትም ድርቀት ያስቸግራችሁ ከነበረ የሚያለሰልስ መድኃኒት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ቀን አልፎ ሰገራም ጋዝም እንቢ ካለ፣ ሆድ ከተነፋ ወይም ማስታወክ ከጀመረ ወደ ተነሣችሁበት ሆስፒታል ተመለሱ፤ ባሪየም መጠጣታችሁንና ቀኑንም ንገሯቸው።